ለልጅም ለአባትም የሚያስፈራ መጽሐፍ

ፊትን የሚያስረጀውን የስልክ ፊልተር ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ሰሞን ፎቶዬን አስገባሁና የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ወጣሁ። ለጓደኞቼ ላክሁት፣ ተሳሳቅን። ቀጥዬ የአባቴን ፎቶ ወጣት አደረግሁና አሳየሁት። እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን ተቀብሎኝ ዝም ብሎ አየውና «ደህና ልጅ ነበርኩ» ብሎ መለሰልኝ።

ያኔ አንድ አስፈሪ ልቦለድ ትዝ አለኝ። አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው «ሳምቲንግ ዊክድ ዚስ ዌይ ከምስ» ነው፤ በእኛ አባባል «አንድ ክፉ ነገር ወደዚህ እየመጣ ነው» እንደማለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪን ታውን በምትባል ትንሽ የኢሊኖይ ከተማ ዊልና ጂም የሚባሉ የ13 ዓመት ጎረቤታሞች አሉ። በጥቅምት ወር፣ በውድቅት ሌሊት፣ ባቡር ካርኒቫል ይዞ ይመጣል። ካርኒቫል ከከተማ ከተማ እየዞረ ጨዋታና ትርዒት የሚያሳይ ቡድን ነው። ከጨዋታዎቹ አንዱ የእንጨት ፈረሶች የተደረደሩበት የሚሽከረከር መጫወቻ ነው። ወደ ፊት ሲዞር በየዙሩ አንድ ዓመት ይጨምርባችኋል፤ ወደ ኋላ ሲዞር አንድ ዓመት ይቀንስላችኋል።

መጀመሪያ ያነበብኩት 11ኛ ክፍል እያለሁ ነው። ያኔ የገባኝ ጂም ብቻ ነበር። ጂም ቶሎ ማደግ ይፈልጋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ የራሴ ገንዘብ እስኪኖረኝ፣ «የት አመሸህ?» የሚለኝ እስኪጠፋ ቸኩዬ ነበር።

ዘንድሮ ደግሜ ሳነበው ግን ልቤን የወሰደው የዊል አባት ነው። ቻርልስ ሃሎዌይ 54 ዓመቱ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጽዳት ይሠራል። ለ13 ዓመት ልጅ አባት ለመሆን አርጅቻለሁ ብሎ ያዝናል። ከልጁ ጋር መሮጥ ያምረዋል። የካርኒቫሉ ሰውዬ ሚስተር ዳርክ ይህን ስለሚያውቅ በወርቅ አያባብለውም። ወጣትነትህን ልመልስልህ ነው የሚለው።

እኔን ያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፋት በር ሰብሮ አይገባም፤ የምትመኙትን ይዞ ነው የሚመጣው። የልጆቹ አስተማሪ ሚስ ፎሊ ወጣትነቷን ትመኛለች፤ ምኞቷም ይደርስና ትንሽ ልጅ ትሆናለች። ከዚያስ? እኔ እኮ አስተማሪዋ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በቃ። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። እኔ ግን ያን ሌሊት መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ የማን ነው? የታዳጊ ወይስ የአዋቂ? እኔ የሁለቱም ነው ባይ ነኝ፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። እኛ ቤት አስፈሪ ታሪክ ሲነሳ ትልልቆቹ «ጊዜህን አታባክን» ይላሉ። እኛ ደግሞ ጆሯችን ላይ ኢርፎን ሰክተን፣ ድንገት የሚያስደነግጥ የሰላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ለብቻችን እናያለን። ድሮ ግን አያቶቻችን ማታ ማታ የጅብና የጭራቅ ተረት ሲያወሩ ልጅም አዋቂም አንድ እሳት ዙሪያ ነበር የሚሰማው። ልጁ ጅቡን ይፈራል፤ አባት ደግሞ ለልጁ ይፈራል። አብሮ መፍራት ያቀራርባል። አሁን የጠፋብን ይሄ ይመስለኛል።

አልዋሻችሁም፣ መጽሐፉ ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛው ቅኔ ቅኔ ይላል፤ አጀማመሩም ዝግ ያለ ነው። እኔ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ነው የጨረስኩት። ለትንንሽ ልጆችም አልመክረውም። 13 እና 14 ዓመት ለሞላው ግን «ለአንተ አይሆንም» ማለት ስህተት ነው። ቶሎ ልደግ የሚለው ጥድፊያ የሚጀምረው ልክ በዚያ ዕድሜ ነዋ! አባትየው ክፉውን በምን እንደሚገጥመው አልነግራችሁም። በጉልበት እንዳልሆነ ግን እወቁት።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ታሪኩን ለአባቴ አወራሁት። «አንተ ብትሆን ፈረሱ ላይ ትወጣ ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ወደ ኋላ እንዳልሄድ አንተ ትጠፋብኛለህ። ወደ ፊት እንዳልሄድ፣ የቀረኝ ስንት ዙር ሆነና?» ብሎ ሳቀ።

ፊልተሩን አይቶ ዝም ያለው ሰውዬ በዚህ ሳቀ። ከዚያ ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሰማሁት።