ቅጹ በጊዜው ይደርሳል፣ ኦዲቱ ግን ይወዘፋል

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። ድሮ ወደ ሐዋሳ ይላክ የነበረው የሐዲያና የከምባታ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሪፖርት አሁን መድረሻው እዚሁ ነው። መንገዱ አጠረ፤ ወረቀቱ ግን አላጠረም።

ባንክና ማይክሮ ፋይናንስን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ መምህሩና ነጋዴው ከደመወዙና ከገቢው ቆንጥሮ የሚያስቀምጥበት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ተጠሪነቱ ለመንግሥት የኅብረት ሥራ መዋቅር ነው። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ኮሚሽን።

የሪፖርቱን ቅጽ ያየ ያውቀዋል። አባላት በወንድና በሴት፣ ዕጣ፣ ቁጠባ፣ የተሰጠ ብድር፣ የተመለሰ፣ ቀኑ ያለፈበት። ሰኔ 30 ደርሶ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ስልኩ ይጮኻል፤ «ቶሎ ላኩ፣ ዞን እየጠበቀ ነው» ይባላል። በቀደመው ወር የተላከው ቁጥር ትንሽ ተነካክቶ ይላካል። ማን እንዳነበበው ግን የሚነግር የለም።

ሕጉ የማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲመረመር ያዛል። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይህን ደንግጓል። መሬት ላይ ያለው ግን «ውዝፍ ኦዲት» የሚባለው ነው። ተበዳሪው የሸሸበት ወይም ገንዘብ ያዡ ያጎደለበት ማኅበር ጉዱ የሚወጣው ባለሙያ መጥቶ ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር ነው። ሠንጠረዡማ ያጎደለውም ሰው አሳምሮ ይሞላዋል።

ወረቀቱን ማቅለል ይቻላል፤ አሜሪካኖች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ሀብታቸው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆኑ ባንኮች በዓመቱ አንደኛና ሦስተኛ ሩብ ዓመት ቀለል ያለ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ፈቅደዋል። ቁጥጥሩን አልተዉትም፤ ትንሹን እንደ ትልቁ ማስጨነቅ ነው የተዉት። በጥቂት መቶ አባላት የቆመ ማኅበርም በሩብ ዓመት አንድ ገጽ ቢልክ ምን ይጎድላል?

ሁሉም ሪፖርት ይቀነስ ማለት ግን አይደለም። የሐዲያና የከምባታ ልጆች ከደቡብ አፍሪካ በሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፣ ሱቅ ይከፈታል፤ ጉዞውን የሚደልል ደላላም ከዚያው ገንዘብ ይቆርሳል። በአዋጅ ቁጥር 780/2005 የፋይናንስ ተቋማት አጠራጣሪ ዝውውርን እንዲያሳውቁ የተጣለባቸው ግዴታ ባለበት ይቆይ። ከማይክሮ ፋይናንስ ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ባንክም የሕዝብ ተቀማጭ እንደያዘ ተቋም ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማኅበር የሚያደራጀውም፣ የሚመዘግበውም፣ የሚመረምረውም ያው መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ አያያዝ «አዲስ የተደራጁ» የሚለው ቁጥር ሲያድግ አፈጻጸም ይባላል፤ ውዝፍ ኦዲት ሲጎላ ግን የራስን ጉድለት መናገር ይሆናል። የክልሉ ቢሮ ቅጹን ለመቀነስ ከተነሣ መሰረዝ ያለበት መጀመሪያ «አዲስ የተደራጁ» የሚለው ነው፤ ቦታው «በዓመቱ የተመረመሩ» ለሚለው ይለቀቅ።