«ተሰቅሏል» ማለት ምን ማለት ነው? በደካማ መስመር ላይ ስለሚከሽፍ መጠባበቂያ ቅጂ

በ2015 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ወራት በፍኖተ ሰላም፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ቀበሌዎችና በቡሬ ከተማ ከበርበሬ አምራቾችና ነጋዴዎች ጋር ያደረግኋቸውን 41 ቃለ መጠይቆች በስልኬ ቀድቻለሁ። ማታ ማታ መስመሩ ጋብ የሚልበትን ሰዓት እየጠበቅሁ የዕለቱን ቅጂ ወደ ደመና ማከማቻ እሰቅል ነበር። ሶፍትዌሩ ከፋይሉ ጎን አረንጓዴ ምልክት ሲያኖር ቦታ እንዲያስለቅቅ አዘዋለሁ፤ ስልኩም ለነገው ሥራ ባዶ ይሆናል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ስከፍት ግን 9 ፋይሎች ጎደሎ ሆነው አገኘኋቸው። ሰባቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቋረጣሉ፤ ሁለቱ ስም እንጂ ይዘት የላቸውም። ከጎናቸው ያለው ምልክት ያኔም አረንጓዴ ነበር።

ቢቻል ተመልሼ እጠይቅ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ለመስክ ሥራ መውጣትም የማይታሰብ ሆነ። ከጠፉት ቅጂዎች አንዱ በቡሬ ለረጅም ዘመን በርበሬ የነገዱ እናት ትረካ ነው። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ቀድተኸዋል አይደል? ሁለተኛ አልደግመውም» አሉኝ። «ቀድቻለሁ፣ እማማ» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ ቀድቼ ነበር።

ይህንን ስናገር ብዙ ባልደረቦቼ የሚሰጡኝ መልስ «ኔትወርክ ነዋ!» የሚል ነው። አልስማማም። መስመር መቋረጡ የኔትወርክ ጉዳይ ነው፤ የተቋረጠውን «ተጠናቋል» ብሎ መናገር ግን የሶፍትዌሩ ነው። ሁለቱን ለይተን ካላየን ጥፋቱ ሁሉ በማማውና በመብራቱ ላይ እየተላከከ የሶፍትዌር ንድፍ ከተጠያቂነት ነፃ ሆኖ ይኖራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ስለ ጫፍ ለጫፍ ፍተሻ በሚሞግተው ጽሑፋቸው ዋና ምሳሌ ያደረጉት ፋይልን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማስተላለፍን ነው። መከራከሪያቸው ሲጨመቅ፦ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ መገናኛ ሥራውን በትክክል ቢሠራ እንኳ ፋይሉ በሙሉ መድረሱን ሊያረጋግጡ የሚችሉት ላኪውና ተቀባዩ ብቻ ናቸው። ተግባሩም ቀላል ነው። ስልኩ ከመላኩ በፊት የፋይሉን አሻራ፣ ለምሳሌ በኤስኤችኤ 256 ስሌት፣ ያሰላል፤ ሰርቨሩ ከተቀበለውና ካስቀመጠው ቅጂ የራሱን አሻራ ያሰላል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ አረንጓዴው ይበራል። ዋናውን ቅጂ ከስልክ መሰረዝም ከዚያ በኋላ ብቻ ሊፈቀድ ይገባል። የእኔ ሶፍትዌር የመስመሩን መዘጋት የፋይሉ ማብቂያ አድርጎ የቆጠረው ይመስለኛል።

በትልልቆቹም ቤት ይህ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት ከሰረዘ በኋላ ወደ መጠባበቂያው ቢሄድ በደመናው ላይ ያለው ማስቀመጫ ባዶ ነበር። መጠባበቂያውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በእትም አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም በተቀባዩ ሰርቨር ተቀባይነት አጥተው ይመለሱ ነበር። ኩባንያው የተረፈው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ዓላማ በተወሰደ ቅጂ ነው። ታሪኩን ሳይደብቅ ለሕዝብ ማሳተሙ ያስመሰግነዋል።

ሶፍትዌሩ የታሰበው ለየትኛው መስመር እንደሆነ የሚያሳየው የቁራጭ መጠን ነው። ትልቅ ፋይል እየተቆራረጠ ይላካል፤ መስመሩ ሲመለስ ካለፈው ቁራጭ ይቀጥላል። በአማዞን ኤስ 3 ከመጨረሻው በስተቀር አንድ ቁራጭ ከ5 ሜጋባይት ሊያንስ አይችልም፤ በጉግል ድራይቭ ግን የ256 ኪሎባይት ብዜት መሆኑ ይበቃል። በሴኮንድ 100 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር የመጀመሪያው ከ6 ደቂቃ በላይ፣ ሁለተኛው 21 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በየአምስት ደቂቃው በሚቋረጥ መስመር ላይ የመጀመሪያው ቁራጭ ለዘለዓለም አይደርስም፤ ተጠቃሚው የገዛው የዳታ ጥቅል ግን ያልቃል። ስለዚህ «እንደገና ሞክር» የሚለው ስልት ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ በደካማ መስመር ላይ ገንዘብ መብያ ሊሆን ይችላል። ማከማቻው ሲሞላ፣ የመግቢያ ፈቃድ ሲያበቃ ወይም ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን ሲበልጥ መቶ ጊዜ መሞከር ምን ይረባል? ሰርቨሩ ሲጨናነቅ የሚከሰተውና በጊዜ ርቀት የሚደጋገም ሙከራ የሚፈታው ክሽፈት ሌላ፣ ሰው ካልነካው የማይፈታው ክሽፈት ሌላ ነው። ሰርቨሩ ልዩነቱን በመልስ ቁጥሩ ይናገራል፤ ሶፍትዌሩ ግን ሁሉንም «ስህተት ተፈጥሯል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀልለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረሙኝ በውጭ አገር የንድፍ መጻሕፍት ውስጥ ያላገኘኋቸው፣ የእኛው የሆኑ ክሽፈቶች ናቸው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ባትሪው ሞቶ ሰዓቱ የተዛባበት ስልክ በእጁ ያለ ሰው ዓመቱን ሲያስተካክል የሚያውቀውን፣ ማለትም 2015ን፣ ያስገባል። ስልኩ ይህን እንደ ጎርጎርዮሳዊ ዓመት ስለሚወስደው ራሱን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያገኘዋል። ሊሰቅል ሲሞክር የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና ሥራ ላይ ያልዋለ» ሆኖ ይታየውና ግንኙነቱን ይከለክላል። መስመሩ ደኅና፣ ማከማቻው ሰፊ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ምንም አያልፍም። «ግንኙነት አልተቻለም» የሚል መልእክት ያየ የመስክ ረዳት ሲም ካርድ ሊለውጥ፣ ኮረብታ ሊወጣ ይችላል እንጂ ቀኑን አይጠረጥርም። «የስልክዎ ቀን ትክክል አይመስልም» የሚል አንድ መስመር አማርኛ ይፈታው ነበር።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በብዙ የሊኑክስ ማከማቻዎች የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ ለእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚፈቅደው ለእኛ 85 ብቻ ይሆናል፤ ስሞችን በሚያመሰጥሩ አንዳንድ ማከማቻዎች ደግሞ ጣሪያው 143 ባይት ስለሆነ ከ47 ፊደል አይበልጥም። ፋይሉን ከዚህ ጣሪያ በሚበልጥ ረጅም ስም የሰየመ ተማሪ በስልኩ ላይ ቢሳካለት እንኳ በማከማቻው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ላይ ሞክሼ ፊደላት አሉ። አንዱ ረዳት «ፍኖተ ሰላም»፣ ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ብለው ቢጽፉ ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው፤ አንዱ ማኅደር ተሰቅሎ ሌላው ሲቀር ማንም ልብ አይልም። እኔም በስም አወጣጥ ረገድ ንጹሕ አይደለሁም፤ ከ9ኙ አንዱን ቀድሞ ያልፈለግሁት ተሰቅሎ የነበረውን መንትያውን አይቼ ነው።

በዚህ ዘርፍ የሚመረቁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ከሌላ አገር የተቀዳ ችግር ይዘው መምጣታቸው ያሳዝነኛል። ከላይ ያነሣኋቸው እያንዳንዳቸው ሊለኩ የሚችሉ፣ በአንድ ስልክና በአንድ ሰርቨር ሊፈተኑ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።

እስከዚያው ተመራማሪው ምን ያድርግ? ዋናውን ቅጂ ቃለ መጠይቁ ተገልብጦ እስኪያልቅ አይሰርዝ፤ ሁለተኛውን በፍላሽ ይያዝ። በነገራችን ላይ ፍላሹን መናቅ አይገባም፦ 16 ጊጋባይት የሞላ ፍላሽ በአውቶቡስ ከቡሬ ባሕር ዳር አራት ሰዓት ቢፈጅበት እንኳ በሴኮንድ 9 ሜጋቢት ያህል ተጓጓዘ ማለት ነው። በመስክ ላይ ሳለሁ ያንን የሚያህል መስመር አላየሁም።

ከተቋሞቻችን የምጠብቀው ግን ከዚህ ይበልጣል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በማመልከቻው ላይ መረጃው የት እንደሚቀመጥና በማን እጅ እንደሚቆይ ይጠይቃሉ፤ ቅጂው ተከፍቶ ስለ መፈተሹ ሲጠይቁ አላየሁም። የስምምነት ቅጹን ስናነብላቸው «የሚነግሩን በጥንቃቄ ይቀመጣል» ብለን ለአርሶ አደሩ ቃል እንገባለን። በሰኔ፣ ማሳ በሚዘጋጅበትና ችግኝ በሚጠበቅበት ወር፣ ከሥራው ላይ 40 ደቂቃ የሰጠን ሰው ያንን ቃል የሰማው ከእኛ እንጂ ከሶፍትዌሩ አይደለም። ስለዚህ በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ቅጂው ከማከማቻው ወርዶ፣ ተከፍቶና እስከ መጨረሻው ተደምጦ የተረጋገጠው በየትኛው ቀን ነው?

በመመረቂያ ጽሑፌ አባሪ ላይ የ41ዱን ቃለ መጠይቆች ዝርዝር አስፍሬያለሁ። አማካሪዬ ዘጠኙን አውጥቼ 32 ብዬ እንዳቀርብ መክረውኝ ነበር፤ ለግምገማ ይቀልላል። እኔ ግን መስመሮቹን ከቀናቸውና ከቀበሌያቸው ጋር ትቼ፣ በይዘቱ ዓምድ «በስቀላ ጊዜ የጠፋ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።