«ጎበዝ ነበር» ካልን ማስረጃው የታለ?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት፣ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የአበበ ቢቂላን የሕይወት ታሪክ ካነበብንላቸው በኋላ አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ አዘዝናቸው። ደብተራቸውን ሰብስበን ስናርም ሁሉንም አንድ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር። «አበበ ቢቂላ ጀግና ነበር። በጣም ጎበዝ ነበር። አገሩን ይወድ ነበር።» በቃ! ስሙን አውጥተን የሌላ ሰው ስም ብናስገባበት የሚለወጥ ነገር የለም።

አንድ ልጅ ብቻ «ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው» ሲል ምክንያት ጨመረ። ደስ ብሎን ራይት ሰጠነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ግን «ጋሼ፣ ይሄ የት ተጽፏል?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አጣን። ተመልሰን ስናነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ አሸንፏል። እንግዲህ ስሕተቱ የልጁ ብቻ አልነበረም። እኛም በወሬ የሰማነውን እንደ ታሪክ ይዘን ነው ክፍል የገባነው። ይህን ግለ ሂስ ሳናደርግ ሌላውን መተቸት አይገባንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የሞከርነው ቀላል ነው። በማግሥቱ ልጆቹ የደብተራቸውን ገጽ በሁለት መሥመር ለሦስት እንዲከፍሉት አደረግን። በመጀመሪያው ዓምድ «ምን እላለሁ?»፣ በሁለተኛው «ምን አየሁ?»፣ በሦስተኛው «የት አገኘሁት?» ብለው ጻፉ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለነበር ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ገለበጥንላቸው።

«ብርቱ ነበር» ያለው ልጅ ሁለተኛውን ዓምድ ለመሙላት መፈለግ ግድ ሆነበት። አገኘም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሮጠው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። አበበ ግን ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህን የጻፈ ልጅ «በጣም በጣም» ማለት አያስፈልገውም።

የማይመቸውን ማስረጃም መዝለል የለብንም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ በእግር ሕመም ምክንያት አቋርጦ ወጣ፤ ድሉን ያገኘው ማሞ ወልዴ ነው። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። አንዲት ልጅ «ብርታቱን ያየሁት ካሸነፈበት ይልቅ እዚህ ላይ ነው» ብላ ጻፈች። ይህ ከመጽሐፉ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ የራሷ ሐሳብ ነው፤ ማስረጃም አለው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ደግሞስ ሕፃናት ስለ ማስረጃ ምን ያውቃሉ?» ይሉናል። የክፍሉ መሙላት እውነት ነው፤ ስለዚህ አራት አራት ሆነው አንድ ገጽ ይሥሩ። አያውቁም የሚለውን ግን አንቀበልም። «እርሳሴን ወሰደብኝ» የተባለ ልጅ እኮ ወዲያው «ማን አየ?» ይላል! «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሲሟገት በኖረ አገር ውስጥ ምስክር መጠየቅ ለልጅ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ያንኑ ጥያቄ ወደ ደብተሩ ማምጣት ነው።

ነገሩ የድርሰት ማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለ ማስረጃ ማመስገንን ያስተማርነው ልጅ፣ ነገ ያለ ማስረጃ ሰው ሲወነጀል ዝም ብሎ ያምናል። «የት ተጽፏል?» ያለችንን ልጅ ዝም ብናሰኛት ኖሮ ጥፋታችን እጥፍ ይሆን ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ የምንወጣ ሁሉ አንድ የሕይወት ታሪክ መርጠን፣ አስቀድመን ራሳችን ሦስቱን ዓምዶች እንሙላ። መሙላት ያቃተንን ዐረፍተ ነገር ለልጆች አናስተምር። የምትቃወሙን ካላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉልን፤ ማስረጃችሁን ግን አትርሱ!