የጉማራ መስመርና የሰማዩ ሚስጥር

ከወረታና ከቁሐር ሚካኤል ወደ ጣና ዝቅ ብሎ የሚኖር የፎገራ ገበሬ፣ ጉማራ በክረምት ምን ያህል ሞልቶ እንደነበር ለማወቅ ጎርፉን ቆሞ ማየት አያስፈልገውም። ግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ይነግረዋል። አንዱ ተነስቶ «ውሃው ጣራ አልፎ ነበር» ቢል መስመሩ ያሳፍረዋል።

የሰማይ ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች በሩቅ የሚፈነዱ ከዋክብትን አጥንተው የአጽናፈ ዓለሙ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን ደረሱበት። የሚገፋው ነገር «ዳርክ ኢነርጂ» ተባለ። ዛሬ ካለው ሁሉ 68 በመቶ ያህሉ እሱ ነው ይባላል፤ ምንነቱን ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ መላምቱ በሽ በሽ ነው።

መላምትን ልክ የሚያስገባው የጥንቱ መስመር ነው። አንደኛው መስመር ሂሊየም ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከተራው ቁስ በክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም ሆነ። ያኔ ዳርክ ኢነርጂ በዝቶ መስፋፋቱን አፍጥኖት ቢሆን ኖሮ ሂሊየሙ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው፣ አጽናፈ ዓለሙ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀው ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀችው ፕላንክ ሳተላይት በጥንቃቄ ለክታዋለች።

ችግሩ ከዚያ ብርሃን ተነስተን የምናሰላው የዛሬው የመስፋፋት ፍጥነት 67 ገደማ ሲሆን፣ ከዋክብትን አይተን የምንለካው ግን ወደ 73 መሆኑ ነው። «ብርሃኑ ከመለቀቁ በፊት ለአጭር ጊዜ አሥር በመቶ ያህል ዳርክ ኢነርጂ ነበር» የሚሉ አሉ። ይበሉ፤ ግን መስመሩ ላይ ይለካ!

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን የሀብታም አገር ጨዋታ አይመስለኝም። የፕላንክ መረጃ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ዳርክ ኢነርጂ እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ የሰጠው ዴሲ የተባለው ጥናትም የመጀመሪያ ዙር መረጃውን እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ለቋል። ቴሌስኮፕ አይጠይቅም፤ ሒሳብ፣ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ከርሟል። ዓለም በሩን ሲከፍት እኛ ከውስጥ ዘጋነው ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራኖቻችንም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲሰጡ ይህን ክፍት መረጃ ቢያስቡት ምን አለበት?

«ፊዚክስ ደረሰው» ብለን የምናዝንለት የወረታ ልጅ መስመር ማንበብ ከአባቱ ተምሯል። መረቡን ብቻ አትዝጉበት።