የበለስን ስም ማን ይፍታው?

የግልገል በለስ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ አገሩን ሲጠየቅ አንዲት ቀልድ አታመልጠውም። «ታዲያ በለሱን ሳትይዝልን መጣህ?» ይሉታል። የመተከል ዞን ዋና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከወንዝ እንጂ ከፍሬ እንዳልሆነ ለስንቱ ያስረዳል? ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ቀልደኞቹም አይፈረድባቸውም። በለስ ሲባል አንዱ የአዳምና የሔዋን ዕፀ በለስ ትዝ ይለዋል፣ ሌላው በክረምት ትግራይ ውስጥ የሚለቀመው እሾሃም ፍሬ። የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ የሾላ ዘመድ ነው፤ የትግራዩ ደግሞ ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቁልቋል። ስሙ ከዛፍ ወደ ቁልቋል ከተሻገረ ወንዝስ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? «ግልገል» የሚለው አያከራክርም፤ እንደ ግልገል ዓባይና እንደ ግልገል ጊቤ ታናሹን ወንዝ ከታላቁ ይለያል፣ አማርኛ ነው። «በለስ»ንም እዚያው ላይ ደርቦ አማርኛ ወይም ግእዝ ነው ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል።

የሚያስጠነቅቀኝ መተከል ያለበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የራሱ ስም ነው። ዐረብኛ የለመደ ጆሮ «ቤኒሻንጉል»ን ሲሰማ «የሻንጉል ልጆች» ብሎ ይፈታዋል፤ «ቤኒ» በዐረብኛ ልጆች ናቸውና። የክልሉ ነባር ሕዝብ የሆኑት በርታዎች የሚሉት ስም ግን «በላ ሻንጉል» ነው፤ የሻንጉል ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ በመንጌ አካባቢ ተራራ ላይ ያለ የተከበረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በእንግዳ ጆሮ ገብቶ ልጆች ሆኖ ወጣ። ትርጉሙ ደግሞ ስለሚጥም ማንም አልጠረጠረውም።

በለስም ለዚህ የተጋለጠ ስም ነው። ወንዙ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ ወርዶ፣ የመተከልን ቆላ አቋርጦ ዓባይ ይገባል። አገር ስሙን የለመደው ግን ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው፤ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች መተከል ውስጥ ወዳለችው ፓዊ ወረዱ፣ በጣሊያን እርዳታም የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደው የ460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ተመረቀ። ለፓዊ ሰፋሪ በለስ ማለት ወባና አዲስ ጎጆ ነው፤ ለመሐንዲሱ መብራት። ጉሙዙና ሺናሻው ግን ፕሮጀክቱ ሳይታሰብ በፊት ከዚያው ውሃ ሲጠጡና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ስለ ስሙም መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ላይ ቢሠራ፣ በስልኩ እየቀዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንዙን ተከትሎ ቢወርድ፣ የዋናውን ወንዝ ብቻ ሳይሆን የገባሩን፣ የመሻገሪያውንና ዓሣ የሚጠመድበትን ቦታ ሁሉ ስም በጉሙዝኛና በሺናሽኛ መዝግቦ ይመለሳል። ፍሬ ነው ካሉት እሰየው። ሌላ ካሉት ያንኑ ይጻፍ። ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍቺ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሰው ልጅ ላይ ስም እንደማውጣት ነው።