በዕቃው ዘንድ የቀረችው እህት

ዛሬ የምጽፈው ወቀሳ ነው። ወቀሳውም ከእኔ ይጀምራል።

ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ከእሁድ አምልኮ በኋላ ጠብቃ አነጋገረችኝ። ባለቤቷ አብዬ ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ሄዶ ነበር። “ፓስተር፣ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስልኩ እምቢ ሲለኝ ሞቷል እላለሁ” አለችኝ። እኔም “እህቴ፣ እምነትሽን አጠንክሪ” አልኋት፤ ጸለይሁላትና ሸኘኋት። ቤቷን አላየሁም፤ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አልጠየቅሁም። በዚያው ሳምንት ታናሽ ልጇ ታሞ በሌሊት ብቻዋን አዝላው ሐኪም ቤት መሄዷን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በዚያ ሰፈር የኅብረታችን ቤተሰቦች ነበሩ። ማንንም አልጠራችም። እንዴት ትጥራ? ጭንቀቷን ስትናገር የእምነት ጉድለት ብዬ ዘግቼባት ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኮሪያ ከሄደ ጀምሮ ወታደሮቻችን ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬና ሶማሊያ ዘምተዋል። ሚስትና ልጆች ትቶ ከሄደው ከእያንዳንዱ ዘማች ኋላ የእናትንም የአባትንም ሥራ ለብቻዋ የያዘች ሴት አለች። ለዘማቹ እንጸልያለን፤ መልካም ነው። እርሷን ግን “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ብለን ወደ ምሳችን እንሄዳለን። ያዕቆብ የራቁትን ወንድም “በደኅና ሂድ፣ ሙቅ” ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ሰው እምነት ምን እንዳለው እናውቃለን (ያዕ. 2፥15-17)። እኛም እንደዚያው ነን።

“የምትጨነቅ እምነት የላትም” የምንል ሰዎች ጌቴሴማኒን እናንብብ (ማቴ. 26፥37-38)። ጌታችን አዝኗል፣ ተጨንቋል። ጭንቀቱንም ከወዳጆቹ አልደበቀም፤ አብረውት እንዲነቁ ለመናቸው። እነርሱ ግን ተኙ። እርሱ ሰው አጠገቤ ይሁን ካለ፣ ይህችን እህት ብቻሽን ቻዪው የምንላት በማን ሥልጣን ነው?

ከዚህ የከፋም አለ። ባሏ የዘመተባትን ሴት ከመርዳት ይልቅ መጠበቅ የሚቀናን አለን። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ለምን አመሸች እንላለን። ከመድረክም ቤርሳቤህን እየጠራን የዘማች ሚስቶችን እናስፈራራለን። ወገኖቼ፣ 2ኛ ሳሙኤል 11ን በእውነት አንብበነዋል? ኦርዮ ግንባር ነበር፣ ሚስቱ ቤቷ ነበረች። ነገሥታት ለሰልፍ በሚወጡበት ወራት ቤቱ የቀረው፣ ያየው፣ ልኮ ያስመጣትም ንጉሡ ነው። ናታንም ጣቱን የቀሰረው በዳዊት ላይ ነው፤ በምሳሌው ውስጥ ያለችው በግ ምንም አላጠፋችም። ያ ምዕራፍ ማስጠንቀቂያ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያነቱ ቤት ለቀረነውና ሥልጣን ላለን ወንዶች ነው።

“የግዳጅ አበል አላቸው፣ ምን ጎደላቸው?” የሚልም አይጠፋም። አበል የታመመ ልጅ አያዝልም። “አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?” ለሚል የአራት ዓመት ልጅም መልስ አይሰጥም።

ይኸው ዳዊት፣ ገና ሳይነግሥ፣ የተሻለ ፍርድ ፈርዶ ነበር። ከስድስት መቶ ሰዎቹ ሁለት መቶው ደክመው ወንዝ ዳር ከዕቃው ጋር ቀሩ። ድል ሲመጣ አንዳንዶች ለቀሩት አናካፍልም አሉ። ዳዊት ግን ዕቃ የጠበቀውም ከተዋጋው እኩል እንዲካፈል ሥርዓት አደረገ (1ኛ ሳሙ. 30፥21-25)። ቤት የቀረችው እህት ዕቃ ጠባቂ ናት። ዘማቹን ጀግና ብለን ስንቀበል እርሷን ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ ከዚህ ሥርዓት መውጣት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች፣ በኅብረታችሁ ባሏ ግዳጅ ላይ ያለ እህት ማን እንደሆነች ዛሬ እወቁ። ሁለት እህቶች በሳምንት አንድ ቀን ይጎብኟት፤ ቡና ያፍሉ፣ ልጆቹን ይያዙላት፣ እርሷ ትተኛ። በሌሊት የሚደወልበት ስልክና መኪና ያለው አንድ ቤተሰብ ይመደብላት። ባልና ሚስቱ ከጉዞ በፊት የውክልና ወረቀት እንዲጨርሱ አስታውሷቸው፤ በባል ስም ያለ ጉዳይ ሁሉ ያለ ውክልና ደጅ ያስጠናል። እድራችን ለሞት ድንኳን ይተክላል። ባሏ በሕይወት ያለላት ሴት ግን እንድንደርስላት መርዶ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም።

አንቺም እህቴ፣ እንባሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታ ያያል። “ደኅና ነኝ” ማለት ሰልችቶሽ ከሆነ፣ አታስመስዪ፤ አንዷን እህት ጥሪና እውነቱን ንገሪያት። ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ የማታውቂ ብትሆኚም በራችንን አንኳኪ። ካልከፈትንልሽ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ያቺን እህት ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይቅር አለችኝ፤ ቡናም አፈላችልኝ። እኔ ግን የዘገየሁበትን ያንን ሌሊት አልረሳውም። እናንተ አትዘግዩ።

ጌታ የነቃ ልብ ይስጠን። አሜን።