ደንገሉ ሲያልቅ ዝም አልን

ለዒድ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ከረግረግ ነው። የጣና ዳርቻ ረግረግ ደግሞ ከቄጠማም በላይ ብዙ ያበቅላል፤ ፊላውን፣ ሸምበቆውን፣ ከሁሉም በላይ ደንገሉን።

ደንገል ከሰው ቁመት እጥፍ ይረዝማል። አገዳው ሦስት ማዕዘን ሲሆን ውስጡ አየር ያዘለ ነው፤ ታንኳ የሚሠራበትም ስለሚንሳፈፍ ነው። ሥሩ ውኃ ውስጥ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ይሆንና ጎርፍ ያመጣውን ደለል ያስቀራል። ክረምት ዳርቻው በውኃ ሲዋጥ ቆሮሶና አምባዛ በዚያ ይራባሉ።

ይህን ተክል ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገደ ወይጦ የሚባለው ሙስሊም ወገናችን ነው። ታንኳውን የሚያስረው፣ ቅርጫቱን የሚሰፋው እሱ ነው። ጉማሬ ይበላ ነበር እየተባለ ስንት ዘመን ተገፍቷል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ ሙስሊሞችም ከገፊዎቹ መካከል ነበርን።

አሁን ደንገሉ እየጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጨራ ጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ2003 ሐይቁ በጣም ሲጎድል እርሻው ውኃው የሸሸበትን መሬት ተከትሎ ወረደ። በ2011 ደግሞ እንቦጭ መግባቱ ታወቀ። ያኔ ሁላችንም እንቦጭ እንንቀል ብለን ተነሣን። መነሣታችን መልካም ነበር፤ ግን የእንቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከማሳ በጎርፍ የሚወርደው ማዳበሪያና ደለልም ይመግበዋል። ያንን የሚያስቀረው ደንገል ነበር። ታዲያ ጠላቱን እየነቀልን ዘበኛውን ያልተከልነው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበናል። ረግረጉ ይጠበቅ ሲባል መጀመሪያ የሚከለከለው ማጭድ የያዘው ወይጦ እንዳይሆን። በልኩ የታጨደ ደንገል ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የታረሰው ግን አያቆጠቁጥም። ከሞፈርና ከማጭድ የትኛው እንዳጠፋው ለመለየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሐይቁ ዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በዩኔስኮ ከተመዘገበ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ስለ ጣና ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። በነዚያ ስብሰባዎች ወይጦው ከአዳራሹ በር ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት።

ተክል መትከል ሶደቃ መሆኑን ከሚንበር ደጋግመን ሰምተናል። በየክረምቱም ጀመዓችን ችግኝ ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። ዘንድሮ የባሕር ዳርና የአካባቢው መስጂዶች ወደ ሐይቁም ይውረዱ፤ የደንገሉን ሥር የት፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ መትከል እንደሚሻል ከወይጦ አባቶችና እናቶች ይጠይቁ።